ፕሮግራሙ ዳታውን የት እያየ ነው? የዴስክቶፕ ፕሮግራምን ከዳታቤዝና ከፋይሎቹ ጋር የማገናኘት ዝርዝር መመሪያ

ፕሮግራሙ ተጭኗል። ሲከፈት ግን «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ይላል። ወይም ደግሞ ምንም ሳይል ይከፈትና ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው ይብሳል። ተጠቃሚው ዳታው የጠፋ ይመስለውና ይደነግጣል። አንዳንዱም እንደ አዲስ መመዝገብ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሁለት ቦታ የተከፈለውን ዳታ ማስታረቅ የእናንተ ሥራ ይሆናል።

አብዛኛውን ጊዜ ዳታው አልጠፋም። ፕሮግራሙ እኛ ከምናስበው ሌላ ቦታ እያየ ነው። ስለዚህ በየደረጃው የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ፕሮግራም፣ በዚህ ኮምፒውተር ላይ፣ በዚህ ተጠቃሚ ስም ሲሠራ የሚያየው የትኛውን ቦታ ነው? በግምት አትመልሱት። በማስረጃ መልሱት።

መመሪያው ፕሮግራም ለሚጭንና ለሚጠግን ሰው ነው። ፕሮግራሙን ለሚጽፉትም ጣል የማደርጋቸው ነገሮች አሉ። ምሳሌዎቹ በብዛት ከዊንዶውስ ናቸው፤ ሐሳቡ ግን በሊኑክስና በማክም ይሠራል።

1. ምንም ከመንካታችሁ በፊት መረጃውን ሰብስቡ

መጀመሪያ የዳታቤዙን ዓይነት ለዩ። አንደኛው ዓይነት ራሱ ፋይል ነው። ኤስኪውላይትና የማይክሮሶፍት አክሰስ እንዲህ ናቸው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው የፋይል አድራሻ ወይም ፓዝ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ሰርቨር ነው። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨርና ኦራክል እዚህ ይመደባሉ። ለእነዚህ አምስት ነገር ያስፈልጋል፦ የሰርቨሩ ስም ወይም አይፒ፣ የፖርት ቁጥር (ሰርቨሩ ግንኙነት የሚቀበልበት በር ቁጥር)፣ የዳታቤዙ ስም፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ።

ማንም ካልቀየራቸው ፖርቶቹ የታወቁ ናቸው። ማይኤስኪውኤል 3306፣ ፖስትግሬስ 5432፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር 1433፣ ኦራክል 1521 ይጠቀማሉ።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ የሚነካቸውን ፎልደሮች ዘርዝሩ። ተያያዥ ፋይሎች፣ የሪፖርት ቅጾች፣ ባክአፕ፣ ሎግና ጊዜያዊ ፋይሎች የየራሳቸው ቦታ ሊኖራቸው ይችላል። ብዙ ሰው ዳታቤዙን ያስተካክልና እነዚህን ይረሳቸዋል። ከዚያ ዳታው በትክክል ይመጣል፣ የተያያዘው ሰነድ ግን አልከፈት ይላል።

በመጨረሻ ፕሮግራሙ 32 ቢት ነው ወይስ 64 ቢት የሚለውን አረጋግጡ። ለምን እንደሚያስፈልግ በአምስተኛው ደረጃ ላይ ይገባችኋል።

2. በትክክል የሚነበበውን ኮንፊግ ፋይል አግኙ

ኮንፊግ ፋይል የፕሮግራሙ ሴቲንግ የሚጻፍበት ፋይል ነው። እዚህ ጋ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው። ብዙ ሰዓት የሚባክነው ፕሮግራሙ የማያነበውን ፋይል ደጋግሞ በማስተካከል ነው።

አንድ ፕሮግራም ከአንድ በላይ ቦታ ሊያነብ ይችላል። ከፕሮግራሙ ጎን የተቀመጠ ኮንፊግ ፋይል ይኖራል። በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያውን የሚሽር ሌላ ፋይል ይኖራል። የቆዩ ፕሮግራሞች ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ ውስጥ ይጽፋሉ። አንዳንዶቹ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ሲስተሙ በስም ይዞ ለፕሮግራሞች የሚያቀብለው እሴት) ካገኙ ሁሉንም ትተው እሱን ይከተላሉ።

ዊንዶውስ ላይ በተለይ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ተራ ተጠቃሚ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ መጻፍ አይፈቀድለትም። የቆየ 32 ቢት ፕሮግራም እዚያ ለመጻፍ ሲሞክር ግን ዊንዶውስ ሁልጊዜ አይከለክለውም። ድምፁን አጥፍቶ ጽሑፉን በተጠቃሚው አፕዴታ ሥር ወዳለው ቨርቹዋልስቶር ወደሚባል ፎልደር ይመራዋል። ፕሮግራሙ በኋላ ሲያነብም መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንን ቅጂ ነው። እናንተ አድሚን ሆናችሁ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያለውን ታስተካክላላችሁ፣ ተጠቃሚው የራሱን አሮጌ ቅጂ ማንበቡን ይቀጥላል። «እኔ ጋ ይሠራል፣ እሱ ጋ አይሠራም» የሚባለው ችግር ሲገጥማችሁ ይህንን ፎልደር ሳታዩ አትለፉ።

የትኛው ፋይል እንደሚነበብ ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ፕሮግራሙን ዝጉ። የጠረጠራችሁትን ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡና የዋናውን ስም ለጊዜው ቀይሩ። ፕሮግራሙን ክፈቱ። ምንም ካልተለወጠ ያንን ፋይል እያነበበ አይደለም። ከተቆጣ ወይም እንደ አዲስ ማዋቀር ከጠየቀ አግኝታችሁታል። ስሙን ወደነበረበት መመለስ አትርሱ።

በዚህ ካልተገኘ ፕሮሰስ ሞኒተር የሚባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ አስነሱ። በፕሮግራሙ ስም ብቻ አጣሩ። የሚከፍተውን እያንዳንዱን ፋይል ከነሙሉ አድራሻው ያሳያችኋል። ፈልጎ ያጣውንም ጭምር። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

3. እያንዳንዱን ነገር ቦታ ቦታው ላይ አስቀምጡ

ፕሮግራም ፋይልስ የፕሮግራሙ ብቻ ይሁን። የሚለወጥ ነገር እዚያ አይቀመጥ። የኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚጋሩት ሴቲንግና ዳታ ፕሮግራምዴታ ውስጥ ይግባ። የአንድ ተጠቃሚ የግል ምርጫ አፕዴታ ውስጥ ይሁን። ፕሮግራምዴታ ውስጥ አንዱ ተጠቃሚ የፈጠረውን ፋይል ሌላው ማንበብ እንጂ መለወጥ ላይችል ይችላል። ስለዚህ ለፕሮግራሙ ፎልደር ፈቃዱን ስትጭኑ ራሳችሁ አስተካክሉ። በማክ ቦታው በላይብረሪ ሥር ያለው አፕሊኬሽን ሰፖርት ነው። በሊኑክስ ለተጠቃሚው ሴቲንግ በቤት ፎልደሩ ውስጥ ያለው የተደበቀው ኮንፊግ ፎልደር የተለመደ ነው።

በሥራ ላይ ያለን የዳታቤዝ ፋይል ከክላውድ ጋር ራሱን በሚያመሳስል ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡ። ማመሳሰያው ፕሮግራሙ ገና እየጻፈበት ያለውን ፋይል ሊያነሳ ይችላል። ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ከለወጠው ደግሞ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ይፈጠራሉ። የተዘጋ ባክአፕን መላክ ግን ምንም ችግር የለበትም።

4. ፓዙን በትክክል ጻፉ

ፓዝ ሁለት ዓይነት ነው። ሙሉ ፓዝ ከድራይቩ ይጀምራል። አንጻራዊ ፓዝ «ዳታ የሚባለው ፎልደር ውስጥ» ብቻ ይላል። ከየት ተነሥቶ? ብዙ ሰው ፕሮግራሙ ካለበት ፎልደር ይመስለዋል። የሚቆጠረው ግን ፕሮግራሙ ሲነሣ ከነበረበት የሥራ ፎልደር ነው። ይህም በሾርትከቱ ላይ ስታርት ኢን በሚለው ቦታ ይወሰናል። ያው ፕሮግራም ከዴስክቶፕ ሾርትከት ሲከፈት አንድ ዳታቤዝ፣ ከኮማንድ መስመር ሲከፈት ሌላ ዳታቤዝ ሊያሳይ ይችላል። ለዳታቤዝ ሙሉ ፓዝ ጻፉ።

በኔትወርክ ላይ ላለ ፎልደር ብዙዎች እንደ ዜድ ያለ የድራይቭ ፊደል ይሰጣሉ። ለሰው ይመቻል፣ ለፕሮግራም ግን አያስተማምንም። ፊደሉ የሚታወቀው ለዚያ ተጠቃሚ ብቻ ነው። በሌላ ሰው ስም ሲገባ የለም። ከበስተጀርባ የሚሠራ ሰርቪስም አያየውም። ማታ ላይ ራሱ የሚነሣ ባክአፕ «ፎልደሩ አልተገኘም» እያለ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በፊደሉ ፈንታ በሁለት \\ የሚጀምረውን፣ የሰርቨሩን ስምና የሼሩን (በኔትወርክ የተጋራውን ፎልደር) ስም የሚይዘውን ሙሉ የኔትወርክ አድራሻ ተጠቀሙ። ሰርቪስ ከሆነ ደግሞ የሚሠራበት አካውንት በሼሩ ላይ ፈቃድ እንዲኖረው አድርጉ።

ኮንፊግ ፋይሉ ጄሰን በሚባለው የጽሑፍ ቅርጽ የተጻፈ ከሆነ \ የሚለውን ምልክት ሁለት ሁለት ጊዜ ጻፉ። ጄሰን ውስጥ ነጠላው \ ልዩ ትርጉም አለው። ከጀርባው የእንግሊዝኛው ኤን ካለ አዲስ መስመር፣ ቲ ካለ ታብ ተብሎ ይነበባል። በዓይን ሲታይ ትክክል የሆነ ፓዝ በውስጡ የተሰበረ ይሆናል። አብዛኞቹ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች /ንም ስለሚቀበሉ በእሱ መጻፍ ይህንን ጣጣ ያስቀራል። በሁለት \\ ለሚጀምር የኔትወርክ አድራሻ ጄሰን ውስጥ መጀመሪያው ላይ አራት እንደሚሆን ልብ በሉ።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። የብዙ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች የፓዝ ርዝመት ጣሪያ 260 ቁምፊ ነው፤ ጥልቅ ፎልደር ውስጥ የተቀበረ ፋይል ይህንን ያልፋል። ሊኑክስ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደልን ይለያል። በፐርሰንት ምልክት የተከበበ ቫሪያብል ኮንፊግ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራሙ ራሱ እንዲተረጉመው ከተሠራ ብቻ ነው። የቆዩ ፕሮግራሞች በአማርኛ የተሰየመ ፎልደር ላያነቡ ይችላሉ። የተጠቃሚው ስም በፊደላችን ከሆነና ፕሮግራሙ ያለምክንያት ከወደቀ፣ ዳታውን በእንግሊዝኛ ፊደል ወደተሰየመ ፎልደር አዛውራችሁ ሞክሩ።

5. ዳታቤዙ ፋይል ከሆነ

ኤስኪውላይት አንድ ባሕርይ አለው። የተሰጠው ፓዝ ላይ ፋይሉን ካላገኘ፣ ካልተከለከለ በቀር አዲስ ባዶ ፋይል ይፈጥራል። መግቢያው ላይ ያነሣሁት ባዶ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። በፓዙ ውስጥ አንድ ፊደል ስታችኋል፣ ፕሮግራሙም አዲስ ዳታቤዝ ፈጥሮ በደስታ ይሠራል። መድኃኒቱ ኮምፒውተሩን በፋይሉ ስም መፈለግ ነው። ሁለት ካገኛችሁ መጠናቸውንና የተለወጡበትን ቀን አስተያዩ። ትልቁ የእናንተ ሳይሆን አይቀርም። ምንም ከማጥፋታችሁ በፊት ሁለቱንም ኮፒ አድርጉ። ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ግንኙነቱን ስትከፍቱ «ከሌለ አትፍጠር» የሚለውን ምርጫ ተጠቀሙ። አዲስ ዳታቤዝ የሚፈጠረው ተጠቃሚው «አዲስ» ሲል ብቻ ይሁን።

ከዋናው ፋይል ጎን ስማቸው በዋልና በኤስኤችኤም የሚያበቃ ፋይሎች ካያችሁ አትሰርዟቸው። ዋል የሚለው ገና ወደ ዋናው ያልገባ ዳታ ሊይዝ ይችላል። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ዋናውን ብቻ ኮፒ ማድረግ የቅርቡን ሥራ ጥሎ መሄድ ነው። ፕሮግራሙን ዝጉ፣ ወይም የኤስኪውላይትን የራሱን የባክአፕ ትእዛዝ ተጠቀሙ። በዋል ፋይል የመጻፉ አሠራር ደግሞ በኔትወርክ ፎልደር ላይ አይሠራም። ብዙ ሰው ከየኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚጽፍ ከሆነ ኤስኪውላይትን ሼር ፎልደር ላይ ከማስቀመጥ ወደ ሰርቨር ዳታቤዝ ተሻገሩ።

አክሰስ ሲከፈት እዚያው ፎልደር ውስጥ የመቆለፊያ ፋይል ይፈጥራል። ስለዚህ ተጠቃሚዎቹ በፋይሉ ላይ ብቻ ሳይሆን በፎልደሩም ላይ የመጻፍ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ፋይሉ ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ፕሮግራሙ 64 ቢት ሆኖ የአክሰስ ድራይቨሩ (ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) 32 ቢት ከሆነ «ፕሮቫይደሩ በዚህ ኮምፒውተር ላይ አልተመዘገበም» የሚል መልእክት ይመጣል። ድራይቨሩ ተጭኖ በዓይናችሁ እያያችሁት ነው፣ ግን ቢቱ አልገጠመም።

ፕሮግራምን ከተለያዩ ዳታቤዞች ጋር በሚያገናኘው በኦዲቢሲ ላይም ያው ነው። በ64 ቢት ዊንዶውስ ሁለት የኦዲቢሲ ማስተካከያዎች አሉ። የ64 ቢቱ ሲስተም32 በሚባለው ፎልደር፣ የ32 ቢቱ ሲስዋው64 በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ስማቸው የተገለባበጠ ቢመስልም እውነታው ይኸው ነው። በአንዱ የተመዘገበ ሲስተም ዲኤስኤን (በስም የተቀመጠ የግንኙነት መረጃ) በሌላኛው ቢት የሚሠራ ፕሮግራም አያገኘውም።

6. ዳታቤዙ ሰርቨር ከሆነ ከታች ወደ ላይ ፈትሹ

መጀመሪያ ኮንፊጉ ውስጥ «ሎካልሆስት» ወይም 127.0.0.1 የሚል ካለ አስተውሉ። ትርጉሙ «እዚህ» ነው። በሰርቨሩ ላይ ሲጻፍ ሰርቨሩ፣ በተጠቃሚው ላይ ሲጻፍ የተጠቃሚው ኮምፒውተር ማለት ይሆናል። ከሰርቨሩ የተቀዳ ኮንፊግ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የማይሠራው በዚህ ነው። በእሱ ፋንታ የሰርቨሩን ስም ጻፉ። አይፒ የምትጽፉ ከሆነ አይፒው እንዳይቀየር ራውተሩ ላይ ወይም ሰርቨሩ ላይ ቋሚ አድርጉት።

ቀጥሎ በፕሮግራሙ ሳይሆን ከውጭ ፈትሹ፤ ያውም ከተጠቃሚው ኮምፒውተር። ፒንግ መመለሱ አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ መኖሩን እንጂ ዳታቤዙ መስማቱን አይነግራችሁም። ፓወርሼል ክፈቱና ቴስት-ኔትኮኔክሽን የሚለውን ትእዛዝ ከሰርቨሩ ስምና ከፖርቱ ጋር ስጡ። ፖርቱ ክፍት ከሆነ ይነግራችኋል።

ካልተከፈተ የስሕተቱን ዓይነት አንብቡ። ግንኙነቱ ወዲያው «ተቀባይነት አላገኘም» ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ጋ ደርሳችኋል፣ በዚያ ፖርት ላይ የሚሰማ ግን የለም። ሰርቪሱ ቆሟል፣ ፖርቱ ሌላ ነው፣ ወይም ዳታቤዙ የሚሰማው ራሱን ብቻ ነው። ብዙ ቆይቶ «ጊዜው አለቀ» ካለ ግን ፋየርዎል ጥያቄውን እየዋጠው ነው፣ ወይም አድራሻው ስሕተት ነው። ይህንን ልዩነት ማወቅ ፋየርዎል ማጥፋት ሳያስፈልግ ግማሹን ሥራ ያቀልላችኋል። ፋየርዎል ደግሞ አይጠፋም፤ ለዚያ ፖርት ብቻ ይከፈታል።

እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ አመል አለው። ፖስትግሬስ ሲጫን ብዙ ጊዜ ከራሱ ኮምፒውተር የመጣውን ብቻ ይሰማል። ከውጭ እንዲሰማ ሊስን አድሬስስ የሚለውን ሴቲንግ ማስፋትና ሰርቪሱን ሪስታርት ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያም ፒጂ ኤችቢኤ በሚባለው ፋይል ውስጥ ማን ከየት መግባት እንደሚችል ይጻፋል። አንዱን ብቻ ማስተካከል አይበቃም።

ማይኤስኪውኤል ተጠቃሚን የሚያውቀው በስሙና በሚመጣበት ቦታ ነው። ከሎካልሆስት እንዲገባ የተፈጠረ አካውንት፣ ስሙና ፓስዎርዱ ትክክል ቢሆንም ከሌላ ኮምፒውተር አይገባም። ሰው ፓስዎርድ ደጋግሞ የሚቀይረው እዚህ ጋ ነው፤ ችግሩ ግን ፓስዎርዱ ላይ አይደለም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ሲጫን ቲሲፒ አይፒ ዝግ ነው። ኮንፊገሬሽን ማናጀር ውስጥ ክፈቱትና ሰርቪሱን ሪስታርት አድርጉ። ስም ያለው ኢንስታንስ (በራሱ ስም የተጫነ ኤስኪውኤል ሰርቨር) ከሆነ ፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ ተለዋዋጭ ነው። እሱን ለማግኘት ኤስኪውኤል ብራውዘር የሚባለው ሰርቪስ መነሣትና በዩዲፒ 1434 መደረስ አለበት። እኔ ፖርቱን ቋሚ አድርጎ በግልጽ መጻፉን እመርጣለሁ፤ የሚበላሽ ነገር ይቀንሳል። በስምና በፓስዎርድ መግባት የሚፈቀደውም ሚክስድ ሞድ ሲበራ ነው።

ፖርቱ ከተከፈተ በኋላ በሌላ የዳታቤዝ መሣሪያ፣ በዚያው ስምና ፓስዎርድ ግቡ። ዊንዶውስ ላይ መሣሪያ ከሌላችሁ ባዶ የጽሑፍ ፋይል ፍጠሩና ኤክስቴንሽኑን ዩዲኤል አድርጉት። ሁለቴ ስትጫኑት የግንኙነት መሞከሪያ መስኮት ይከፈታል። እዚያ ከሠራ ቀሪው ችግር ያለው የፕሮግራሙ ኮንፊግ ውስጥ ነው።

7. ኮኔክሽን ስትሪንጉን ጻፉ

ኮኔክሽን ስትሪንግ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበትን መረጃ የያዘ ጽሑፍ ሲሆን በ; የተለያዩ ጥንድ ጥንድ እሴቶች ነው። ፓስዎርዱ ራሱ ; ካለበት ጽሑፉ እዚያ ላይ ይቆረጣል፤ በጥቅስ ምልክት ክበቡት። የድረ ገጽ አድራሻ በሚመስለው አጻጻፍ ደግሞ ፓስዎርዱ ውስጥ ያለ @ በ%40፣ # በ%23 ይተካል። «ፓስዎርዱ ትክክል ነው፣ ግን አይገባም» ካላችሁ ፓስዎርዱን ለሙከራ በፊደልና በቁጥር ብቻ አድርጉት።

ለኤስኪውኤል ሰርቨር የሚያገለግለው አዲሱ የዶትኔት ድራይቨር ከስሪት 4.0 ጀምሮ ግንኙነቱን ሳይጠየቅ ያመሰጥራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከተሻሻለ በኋላ ስለ ሰርተፍኬት የሚናገር ስሕተት ሊመጣ ይችላል። ሰርተፍኬቱን ሳታረጋግጥ እመን የሚለው ምርጫ ያሳልፋችኋል፤ ግን ለሙከራ ብቻ ይሁን። ትክክለኛው መንገድ ሰርቨሩ ላይ የታመነ ሰርተፍኬት መጫን ነው።

ታይምአውት (የመጠበቂያ ጊዜ) መጨመር ስሕተት አድራሻን አያቃናም። ስሕተቱ ዘግይቶ እንዲመጣ ብቻ ያደርጋል።

የአማርኛ ጽሑፍ ወደ ጥያቄ ምልክት ከተለወጠ ሁለት ቦታ እዩ፦ ዳታው የሚቀመጥበት ዓምድና ግንኙነቱ። ማይኤስኪውኤል ላይ ሁለቱም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይሁኑ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ዓምዱ ኤንቫርካር ይሁን። አንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ጽሑፍ አይመለስም፤ ስለዚህ ብዙ ዳታ ከመግባቱ በፊት አንድ የአማርኛ ስም አስገብታችሁ መልሳችሁ አንብቡት።

8. ፓስዎርዱ የት ይቀመጣል?

ኮንፊግ ፋይል ውስጥ በግልጽ የተጻፈ ፓስዎርድ ፋይሉን መክፈት የሚችል ሁሉ ያነበዋል። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በአንድ ዶሜይን (አካውንቶች በጋራ በሚተዳደሩበት የድርጅት ኔትወርክ) ሥር ከሆኑ በዊንዶውስ አካውንት መግባት ፓስዎርዱን ከኮንፊጉ ያወጣዋል። ካልሆነ የሲስተሙን የራሱን ካዝና ተጠቀሙ፤ ዊንዶውስ ላይ ክሬደንሻል ማናጀር፣ ማክ ላይ ኪቼይን። በአንድ ተጠቃሚ ስም የተመሰጠረ ፓስዎርድ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተቀድቶ እንደማይሠራ እወቁ፤ እዚያ እንደገና ይገባል።

ፕሮግራሙ በዋናው የአስተዳዳሪ አካውንት ወደ ዳታቤዙ አይግባ። የሚያስፈልገውን ሠንጠረዥ ብቻ ማንበብና መጻፍ የሚችል የራሱን አካውንት ፍጠሩለት።

9. በተጠቃሚው ስም ሞክሩ

በአድሚን አካውንት የተሳካ ሙከራ ብዙም አይነግራችሁም። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉና በተራ ተጠቃሚ ስም ግቡ። አንድ መዝገብ ጨምሩ፣ አስተካክሉ፣ ሰርዙ። ፋይል አያይዙና መልሳችሁ ክፈቱ። ሪፖርት አትሙ። ባክአፕ አስነሡና ፋይሉ የት እንደወደቀ በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ ከሌላ ኮምፒውተር ገብታችሁ ያስገባችሁት መዝገብ መታየቱን አረጋግጡ። ካልታየ ሁለቱ ኮምፒውተሮች የተለያየ ዳታቤዝ ላይ ናቸው፤ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመለሱ።

ፕሮግራሙን የምትጽፉት እናንተ ከሆናችሁ ይህንን ሁሉ ልፋት ማሳጠር ትችላላችሁ። ፕሮግራሙ ሲነሣ ያነበበውን ኮንፊግ ሙሉ ፓዝ፣ የተገናኘበትን ሰርቨርና የዳታቤዙን ስም ሎግ ላይ ይጻፍ፤ ፓስዎርዱን ግን በፍጹም። ያንኑ መረጃ «ስለ ፕሮግራሙ» በሚለው መስኮት ላይም አሳዩ። የተያያዙ ፋይሎችን ደግሞ በዳታቤዙ ውስጥ በሙሉ ፓዝ አትመዝግቡ። ዋናው ፎልደር ኮንፊጉ ላይ አንዴ ይጻፍ፤ ዳታቤዙ ውስጥ ከዚያ በታች ያለው ብቻ ይቀመጥ። ያኔ ሰርቨሩ ሲቀየር በሺህ የሚቆጠሩ መዝገቦችን ከማስተካከል ይልቅ አንድ መስመር ትቀይራላችሁ።